ቤተሰብ አብሮ የሚያገለግልበት የበዓል ሰሞን፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ

በዓል ሲቃረብ የእርዳታ ድርጅቶች ስልክ ፋታ ያጣል። አብዛኞቹ ደዋዮች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ሲሆን እርሱም በበዓሉ ዕለት ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ምግብ ማደል ይችሉ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ ነው፤ የሚያገኙት መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ሞልቷል» የሚል ይሆናል። በዚያች አንድ ቀን የአስተናጋጁ ቁጥር ከተስተናጋጁ የማይተናነስበት የምገባ አዳራሽ ብርቅ አይደለም። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በኋላ ግን በዚያው አዳራሽ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ይጠፋና አስተባባሪው ራሱ ሽርጥ ታጥቆ ይቆማል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከልጆቻቸው፣ ከወላጆቻቸውና ከሌሎች የቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር በበዓል ሰሞን በጎ ፈቃደኛ ሆነው ለማገልገል ለሚያስቡ ሰዎች ነው። መነሻው አንድ አቋም ነው፤ የአገልግሎቱ ቀን፣ ዓይነትና መጠን የሚወሰነው ቤተሰቡ ሊያገኝ በሚመኘው የበዓል ስሜት ሳይሆን አገልግሎቱን በሚቀበለው ወገን ፍላጎት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ አቋም የተቀዱ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ከበዓሉ ዕለት ራቅ ብለው ቢገኙ አንባቢው ሊገረም አይገባውም።

፩. ከቀኑ በፊት ሳምንቱን መምረጥ

ዝግጅቱን ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ መጀመር ተገቢ ነው። ለሁለት ሰዓት ሥራ ስድስት ሳምንት መዘጋጀት የበዛ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ድርጅት የአመልካቾችን ቅጽ ተቀብሎ፣ የአዋቂዎቹን ማንነት አጣርቶ፣ አጭር ገለጻ ሰጥቶና በፈረቃ ደልድሎ እስኪጨርስ ድረስ ጊዜው ሳይታወቅ ያልቃል። በበዓሉ ዋዜማ የሚደውል ቤተሰብ አስተባባሪውን ከማገዝ ይልቅ ሥራ ይጨምርበታል።

የበዓል ሰሞን ሥራ በሦስት ምዕራፍ ይከፈላል፤ ለቤተሰብ የሚመቸውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የተለገሰ ዕቃ ይጎርፋል፤ ስለዚህ የምግብ ጣሳዎችን የመጠቀሚያ ጊዜ የሚያነብ፣ ልብሱን በመጠንና በዕድሜ የሚለይ፣ ካርቶን የሚያጥፍ፣ ጥቅል የሚያስርና ስም የሚጽፍ እጅ በብዛት ይፈለጋል። ይህ ሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ወይም ቆሞ የሚሠራ፣ ለአያትም ለልጅ ልጅም ድርሻ ያለው፣ ቢያቋርጡትም የማይበላሽ ነው።

በበዓሉ ዕለት በእርግጥ ሰው የሚጎድልባቸው ቦታዎች ከተለመደው የምገባ አዳራሽ ውጭ ያሉት ናቸው። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምግብ የሚያደርሱ አገልግሎቶች ቋሚ ሾፌሮቻቸውና አድራሾቻቸው በዕለቱ ከቤተሰባቸው ጋር ለመዋል ፈቃድ ስለሚጠይቁባቸው ተተኪ ይፈልጋሉ። መኪና ያለው ቤተሰብ ወላጅ እየነዳ፣ አንዱ ልጅ አድራሻ እያነበበ፣ ሌላው ምግቡን እያቀበለ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። ሦስተኛው ምዕራፍ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ መደርደሪያው የተራቆተበት፣ መጋዘኑ የተተራመሰበት፣ ሰዉም ወደየሥራው የተመለሰበት ወቅት ነው። ቤተሰቡ አንድ ቀን ብቻ መስጠት የሚችል ከሆነ የዚህ መመሪያ ጸሐፊ ያችን ቀን ከዚህ ምዕራፍ እንዲመርጥ ይመክራል።

በዚህ ረገድ የደም ልገሳ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ከተለገሰ ደም የሚለዩት የደም መርጊ ሕዋሳት፣ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ስለሚቆዩ ቀደም ብሎ አከማችቶ በዓሉን ማሳለፍ አይቻልም፤ ሰዎች በጉዞና በድግስ በሚጠመዱበት ሰሞን ግን ለጋሽ ይቀንሳል። በዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ መመዘኛ ለጋሽ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱም ቢያንስ 50 ኪሎ ግራም መሆን ይኖርበታል፤ አንዳንድ አገሮች በወላጅ ፈቃድ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶችንም ይቀበላሉ። ትንንሾቹ ልጆች ባይለግሱም የወላጆቻቸውን ቀጠሮ በቀን መቁጠሪያ ላይ ሊያሰፍሩ፣ ከልገሳው በፊት ውሃ እንዲጠጡ ሊያስታውሱና ከልገሳው በኋላ በሚያርፉበት ጊዜ አጠገባቸው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ደም ባንኩ ልጆችን ይዞ መምጣት ይፈቅድ እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

፪. በቤት ውስጥ መመካከር

ብዙ ወላጆች ቦታውንና ቀኑን ወስነው ከጨረሱ በኋላ ልጆቹን «ቅዳሜ ሰው ልንረዳ እንሄዳለን» ብለው ያሳውቃሉ። እንዲህ የተጀመረ አገልግሎት ለልጁ ሌላ የቤት ሥራ ሆኖ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የራሱን አመለካከት መያዝ የሚችል ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል፤ ድንጋጌው ለቤተሰብ ምክክርም ጥሩ መመሪያ ይሆናል።

ምክክሩ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ መልካም ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የሚያሳስበውን አንድ ነገር ይናገር። አንዱ ልጅ በመንገድ ላይ ስለሚያያቸው እንስሳት፣ ሌላው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ጎረቤት፣ አያት ደግሞ ስለ ሕሙማን ሊያነሱ ይችላሉ። ቀጥሎ ቤተሰቡ ያለውን አቅም በወረቀት ላይ ያስፍር፦ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን፣ መጓጓዣ አለ ወይስ የለም፣ ማን ከባድ ዕቃ ማንሳት ይችላል፣ ማን ለረጅም ጊዜ መቆም አይችልም፣ ማን ሌላ ቋንቋ ወይም የእጅ ሙያ ያውቃል፣ ማን በሰው ብዛት ይጨነቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ዓይን አፋር ልጅ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ምግብ እንዲያድል ከማስገደድ ይልቅ በጓዳ በኩል ሣህን እንዲያደርቅ ቢደረግ ለራሱም ለሥራውም ይበጃል።

ለመምጣት የማይፈልግ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ሲያጋጥም መቆጣት ወይም በኀፍረት መጎተት ውጤት የለውም። ይልቁንም ጓደኛውን ይዞ እንዲመጣ መፍቀድ፣ ወይም የሥራውን አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ በኃላፊነት መስጠት፣ ለምሳሌ የድርጅቱን አስተባባሪ በስልክ የሚያነጋግረው እርሱ እንዲሆን ማድረግ የተሻለ ነው። ታዛዥ ረዳት መሆን የሚያስጠላው ልጅ ኃላፊነት ሲሰጠው የሚለወጥበት ጊዜ አለ፤ የማይለወጥበትም ጊዜ ስላለ በዚህ ዓመት ቤት እንዲቀርና በሚቀጥለው እንዲጠየቅ መተው ነውር የለውም።

፫. ሥራውን ከዕድሜ ጋር ማመዛዘን

ትንሽ ልጅ መርዳት የሚጀምረው ተምሮ አይደለም። ፊሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት 24 የ18 ወር ሕፃናትን የማያውቁት ሰው ዕቃ ሲወድቅበት ወይም እጁ ሞልቶ ቁም ሣጥን መክፈት ሲያቅተው እንዲያዩ አድርገው ነበር፤ ከእነዚህ መካከል 22ቱ ማንም ሳያዝዛቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ረድተውታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በ20 ወር ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ በረዱ ቁጥር ዕቃ የተሸለሙት ሕፃናት ሽልማቱ ሲቋረጥ ምንም ካልተሰጣቸው ወይም በቃል ብቻ ከተመሰገኑት ያነሰ ረድተዋል። ወላጅ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው፤ «በደንብ ካገለገልክ አሻንጉሊት እገዛልሃለሁ» የሚለው ውል ከቤት ሲወጡም ሆነ ሲመለሱ አይነሣ።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሥራ ይበቃዋል። ለበዓል ጥቅል ካርድ መሣል፣ ካልሲዎችን በጥንድ በጥንድ ማዋሐድ፣ የራሱን መጫወቻዎች እየለየ ደህናዎቹን ለልገሳ ማስቀመጥ ይችላል። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ሥራ ቤት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ድርጅቶችም ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ እምብዛም አይቀበሉም። መጫወቻውን ለመስጠት እምቢ ካለ መንጠቅ አይገባም፤ ልግስና በግዳጅ ሲሆን ልጁ ትዝ የሚለው መቀማቱ ብቻ ነው።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ መቁጠርና ማንበብ ስለሚችል የመጋዘን ሥራ የተፈጠረለት ይመስላል። በአንድ ካርቶን ስድስት ጣሳ፣ ሁለት የጥራጥሬ ከረጢትና አንድ ዘይት ይግባ የሚል መመሪያ ቢሰጠው ከአዋቂ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈጽመዋል፤ የተቀደደ ወይም ያበጠ ጣሳ ሲያይም ለይቶ ያወጣል። ያበጠ ጣሳ በውስጡ ተሕዋስያን ተራብተው ጋዝ እንደፈጠሩ ሊያመለክት ስለሚችል እንዳይከፍተው፣ እንዳያሸተውና ለተረኛው አዋቂ እንዲያሳይ አስቀድሞ ይነገረው።

ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጁ ከሰው ጋር የሚገናኝበትን ሥራ መልመድ ይጀምራል፤ አረጋውያንን መጎብኘት፣ ማንበብ፣ ካርታ ወይም ገበጣ መጫወት፣ እንግዳ ተቀብሎ መቀመጫ ማሳየት ለዚህ ይመቻል። ከዚያ በላይ ያሉት ወጣቶች የአዋቂን ፈረቃ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ሆኖም ሹል ቢላዋ፣ የሚፈላ ድስት፣ ማንሻ ማሽንና የሌሊት ፈረቃ በብዙ ቦታዎች ከ18 ዓመት በታች ላሉ የተከለከሉ ስለሆኑ ልጁን ተስፋ ሰጥቶ በር ላይ ከማሳፈር አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል። በሌላው ጫፍ ያሉት አያቶችም አይዘንጉ፤ ወንበር የሚቀርብለት፣ በየአርባ ደቂቃው ዕረፍት ያለው፣ ከመጸዳጃ ቤት ያልራቀ የሥራ ቦታ ከተመቻቸላቸው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚጸኑት እነርሱ ናቸው።

፬. ድርጅቱን መምረጥና መጠየቅ

ሁለት ወይም ሦስት ድርጅቶችን ለይቶ መጠየቅ ይበቃል፤ ለአሥር ድርጅት ጽፎ ለአንዱ መሄድ ዘጠኙን በከንቱ ያደክማል። በስልክም ሆነ በጽሑፍ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ልጆቼ ምን ሊሠሩ ይችላሉ?» ከሚሆን «ሰው የሚያንሳችሁ መቼና በምን ሥራ ላይ ነው?» ቢሆን ውይይቱ ወዲያው ይለወጣል። አስተባባሪው ቦታ ማመቻቸት እንደሚጠበቅበት ሳይሆን እገዛ እንደቀረበለት ይሰማዋል፤ እውነተኛውንም ፍላጎት ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ መልሱ «ሰው ሳይሆን መጋዘን ኪራይ የምንከፍልበት ገንዘብ ነው» ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅር ሳይሰኙ መቀበል ያስፈልጋል። የተደራጀ ድርጅት ዕቃ በጅምላ ስለሚገዛ በተሰጠው ገንዘብ ቤተሰቡ በችርቻሮ ገዝቶ ከሚያመጣው የበለጠ ያገኛል።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፤ መልሳቸውም በጽሑፍ ቢያዝ ይመረጣል።

• ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ለስንት ልጅ አንድ አዋቂ ይጠየቃል?
• የወላጅ ፈቃድ ቅጽ፣ ሥልጠና ወይም የማንነት ማጣሪያ አለ? ስንት ቀን ይፈጃል?
• ሥራው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? ከቤት ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?
• ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? መድን አለ?
• ፎቶግራፍ ማንሳት ይፈቀዳል?
• አንድ ሰው ቢታመምና ቢቀር እስከ መቼ ማሳወቅ ይገባል?

ማንነትን ለማጣራት ቅጽ የሚያስሞላ ድርጅት አሰልቺ ቢመስልም ጥሩ ምልክት ነው። ከሕፃናት ወይም ከአቅመ ደካሞች ጋር የሚያገናኝ ሥራ ለማንም መንገደኛ ክፍት ከሆነ የሚጎዱት በመጀመሪያ ተገልጋዮቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰቦች በበዓል ቀን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መጎብኘት ከሁሉ የበለጠ መልካም ሥራ ይመስላቸዋል። ለጥቂት ሰዓት መጥቶ አቅፎ፣ ስጦታ ሰጥቶና ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ ግን በተቋሙ የሚያድገው ልጅ ከሰው ጋር በተደጋጋሚ እንዲቀራረብና በተደጋጋሚ እንዲለያይ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ በብዙ አገሮች በእነዚህ ተቋማት የሚኖሩ አብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ሲሆኑ የጎብኚው ገንዘብ ልጆች ከቤታቸው ተወስደው በተቋም እንዲቆዩ ምክንያት የሆነበት ሁኔታ ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ በእንዲህ ያሉ ተቋማት የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ስለሚያስከትለው ጉዳት አንሥቷል። ስለዚህ ልብ ወደዚያ የሚያደላ ከሆነ ችግር ላይ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በቤታቸው እንዲያሳድጉ የሚያግዙ ድርጅቶችን መፈለግ፣ ወይም በተቋሙ ከልጆቹ ጋር በማያገናኝ ሥራ፣ ለምሳሌ በልብስ ማጠብ ወይም በግቢ ጽዳት፣ ማገዝ ይመረጣል።

፭. ልጆችን ለሚያዩት ነገር ማዘጋጀት

ከአገልግሎቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት የት እንደሚሄዱ፣ ማንን እንደሚያገኙና ምን ሊያዩ እንደሚችሉ በቀላል ቃላት መንገር ይገባል። የሚያስፈራ ወይም የሚያሳዝን ዝርዝር ማብዛት አያስፈልግም፤ ሆኖም የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ አረጋዊ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ሊጠይቁ እንደሚችሉ፣ በመጠለያ ያለ ሰው ማውራት ላይፈልግ እንደሚችል፣ አንዳንድ ሰው ሊያመሰግን አንዳንዱም ሊቆጣ እንደሚችል ልጁ አስቀድሞ ቢያውቅ አይደነግጥም። ልጅ «ለምን ቤት የላቸውም?» ብሎ ሲጠይቅ «ስላልሠሩ ነው» ወይም «ምስኪኖች ስለሆኑ ነው» የሚሉት መልሶች ሁለቱም ያሳስታሉ። ሕመም፣ የሥራ መጥፋት፣ የኪራይ መናር፣ የቤተሰብ መለያየት ማንንም ሊያጋጥም እንደሚችል መንገር ከእውነትም ይስማማል፤ ልጁም ሰውየውን ከላይ ወደ ታች እንዳያይ ያደርገዋል።

ቋንቋውም ይታረም። «ችግረኞች» ወይም «ድሆች» እያሉ ከማውራት በስም መጥራት፣ ስም ካልታወቀ «እንግዶች» ማለት ይሻላል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠትን፣ ስሙን መናገርንና «ምን ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅን በቤት ውስጥ ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር ቢለማመድ ጠቃሚ ነው። «ለምን እዚህ መጡ?» የሚል ጥያቄ እንደማይጠየቅም በልምምዱ ላይ ይነገረው።

ስለ ፎቶግራፍ ሕጉ አጭር ነው፤ የተገልጋይ ፊት አይነሣም። ድርጅቱ ቢፈቅድ እንኳ ሣህን ይዞ የቆመ ሰው «አይሆንም» ለማለት ነፃነት ስለማይሰማው ፈቃዱ ከአንገት በላይ ሊሆን ይችላል። ማስታወሻ የሚያስፈልግ ከሆነ ቤተሰቡ የራሱን እጆች፣ ያሸጋቸውን ካርቶኖች ወይም ባዶውን አዳራሽ ካጸዳው በኋላ ያንሣ።

፮. የአገልግሎቱ ዕለት

ጠዋት በመጀመሪያ የሚታየው የቤተሰቡ ጤና ነው። ትኩሳት፣ አዲስ ሳል ወይም ማስመለስ ያለበት ሰው ቤት ይቅር፤ በተለይ አረጋውያንና ሕሙማን ወዳሉበት የሚኬድ ከሆነ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ማስመለስና ተቅማጥ የያዘው ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 48 ሰዓት ሳይሞላ ምግብ መንካት የለበትም፤ ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ የሆነው ኖሮቫይረስ በቀላሉ የሚተላለፍ ሲሆን የእጅ ማጽጃ አልኮልም በሚገባ አይገድለውም። ስለዚህ እጅን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ የቤተሰቡ ሁሉ ግዴታ ይሁን።

ልብስ ቀላል፣ የሚታጠብና የማያሳፍር ይሁን፤ የበዓል ውድ ልብስ ለብሶ መገኘት በተገልጋዩና በአገልጋዩ መካከል ሳይታሰብ ግድግዳ ያቆማል። ጫማ የተዘጋና የማያንሸራትት፣ ረጅም ፀጉር የታሰረ፣ ቀለበትና አምባር ቤት የቀረ መሆን አለበት። ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ይብሉ፤ የራበው ልጅ ምግብ በሚታደልበት ቦታ ቆሞ እንዲታገሥ መጠበቅ ጭካኔ ነው።

ምግብ የሚነካ ሥራ ላይ የተመደበ ቤተሰብ የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደህንነት ያወጣቸውን ጥቂት ቁጥሮች ቢይዝ ይጠቅመዋል። ምግብ ሲበስል ውስጡ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ መድረስ አለበት፤ እስኪታደል ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ይቆይ፤ የሚቀዘቅዘውም ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል። ቤት ውስጥ ተበስሎ የመጣ ምግብን ብዙ ድርጅቶች የማይቀበሉት የእናትን እጅ ጠርጥረው ሳይሆን እነዚህ ቁጥሮች በመንገድ ላይ መጠበቃቸውን ማረጋገጥ ስለማይችሉ ነው። ምግቡ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ስንዴ እንዳለበት የሚጠይቅ ተገልጋይ ሲያጋጥም ልጁ በግምት «የለበትም» እንዳይል፣ ሁልጊዜ ተረኛውን ሰው እንዲጠይቅ ይነገረው፤ በአለርጂ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል።

ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ይበቃል፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ያህል ያስቸግራል። በቦታው ከደረሱ በኋላ ቤተሰቡ ወላጅ የሚመራው ቡድን መሆኑ ያበቃና በአስተባባሪው ሥር ይገባል። በዚህ ረገድ አዋቂዎች ከልጆች ይልቅ ያስቸግራሉ፤ በሥራ ቦታቸው ማዘዝ የለመዱ ሰዎች የካርቶን አደራደሩን ለማሻሻል የሚያቀርቡት ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያው ቀን ባይነሣ ይመረጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ልጆች ከሌላው ቤተሰብ ጋር ለመሽቀዳደም ሲሞክሩም ማርገብ ያስፈልጋል፤ በጥድፊያ የታሸገ ጥቅል ዘይቱ ዱቄቱ ላይ ፈስሶ ይገኛል።

ልጅ ቢደክመው፣ ቢያለቅስ ወይም በሰማው ነገር ሆድ ቢብሰው አንዱ ወላጅ ይዞት የሚወጣበት፣ ሌላው ፈረቃውን የሚጨርስበት ስምምነት ከቤት ሳይወጡ ይደረግ። ልጁ የወጣው ስላላገለገለ ሳይሆን ስለደከመው እንደሆነ ይነገረው፤ በሰው ፊት አይወቀስ። በአረጋውያን ማዕከል ደግሞ ጉብኝቱ አጭር ይሁን፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ መጫወት በአሥር ክፍሎች እየዞሩ እጅ ከማውለብለብ ይበልጣል። ሲሰናበቱ «በቅርቡ እንመጣለን» የሚለው ቃል ቀን ሳይቆረጥለት ከአፍ አይውጣ፤ ያን ቃል ይዘው በር በሩን የሚያዩ ሰዎች አሉ።

፯. ቦታ ከታጣ

ጊዜው አልፎ የሚቀበል ድርጅት ካልተገኘ ቤተሰቡ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊሠራቸው የሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤትን ወይም ዘመድን ጠይቆ ገበያ መሄድ፣ የሚያስታምም ቤተሰብ ለሁለት ሰዓት እንዲያርፍ ከታማሚው ጋር መቀመጥ፣ በበዓል ቀን በሥራ ላይ ላሉ ነርሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ፣ ደም ለመለገስ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ መጠየቅ ይቀድማል፤ ያልተጠየቀ እርዳታ ይዞ በር ማንኳኳት አንዳንዱን ሰው ያሸማቅቃል።

፰. ከአገልግሎቱ በኋላ

ወደ ቤት በሚመለሱበት መንገድ ላይ ልጆችን በጥያቄ ማጣደፍ አይገባም። ማታ ወይም በማግስቱ፣ ሁሉም ካረፈ በኋላ፣ «ምን አስገረመህ? ምን ከበደሽ? ደግመን ብንሄድ ምን እንለውጥ?» ተብሎ ይጠየቅ። «ያለህን ነገር አይተህ አመስግን» የሚለው ምክር በዚህ ሰዓት ብዙ ወላጆች የሚቸኩሉበት ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ችግር ለራስ ምቾት መለኪያ ስለሚያደርገው ልጁ ስላገኛቸው ሰዎች ሳይሆን ስለ ራሱ እያሰበ እንዲተኛ ያደርገዋል። ልጁ ያገኘውን ሰው ስም ቢያስታውስ፣ የነገሩትን ጨዋታ ቢደግም፣ ወይም «ለምን ወረፋው ውጭ ፀሐይ ላይ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ እርሱን መከተል የበለጠ ፍሬ አለው። የወረፋው ጥያቄ ለአስተባባሪው በአክብሮት ቢቀርብ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ሊጠቀምበት ይችላል።

በዚያው ሳምንት ሁለት ነገሮች ይፈጸሙ። አንደኛው ለአስተባባሪው አጭር የምስጋና መልእክት መላክና ቤተሰቡ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚገኝበትን አንድ ቀን በቁርጥ መጻፍ ነው፤ «በፈለጋችሁን ጊዜ እንመጣለን» ከሚል ይልቅ ቀንና ሰዓት ያለው ሐሳብ በቀላሉ መልስ ያገኛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ በየዓመቱ ዲሴምበር 5 ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ሆኖ ስለሚከበር ለዓመታዊ ዕቅድ መነሻ ቀን የቸገረው ቤተሰብ ይህን ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው በማስታወሻ ደብተር ላይ የዓመቱን ሥራ ማስፈር ነው፦ የት እንደሄዱ፣ ምን እንደሠሩ፣ ማን ምን እንደወደደ፣ ምን እንደጎደለ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት። ከየልጁ ስም አጠገብ ዕድሜውና በዕድሜ ምክንያት የተከለከለው ሥራ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ደብተሩ በሚቀጥለው ዓመት ከበዓሉ ስድስት ሳምንት በፊት ሲገለጥ አንዱ ልጅ ያ ሥራ የሚፈቀድበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ሊገኝ ይችላል።